ገን ሾው ወይስ ስልክ? አሮጌ ጠመንጃ የሚሰበስብ ሰው የት ይግዛ

ባለፈው ኦክቶበር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ገን ሾው፣ ማለትም የጠመንጃ ባዛር፣ ገባሁ። በር ላይ ከፈልኩ፤ እጄ ላይ ማኅተም መቱልኝ። የመጀመሪያው ጠረጴዛ የደረቀ ሥጋ ይሸጣል። ቋንጣ በሉት፣ ስኳር የገባበት ቋንጣ። ሁለተኛው ካልሲ። ሦስተኛው የአንገት ሐብል። አራተኛው ላይ ጠመንጃ አየሁ ብዬ ተጠጋሁ። አዲስ የፕላስቲክ ሽጉጥ ነው፤ ያውም ሰፈሬ ካለው ሱቅ በ40 ዶላር የተወደደ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞሬ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ጠመንጃ 11 ብቻ ቆጠርኩ።

እኔ የምፈልገው አሮጌውን ነው። ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ሰናድር፣ ለበን እየተባለ በቀረርቶ የሰማነውን። ስሞቹ ራሳቸው ከውጭ የመጡ ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳዩ የ1874 «ፊዚ ግራ» ነው። ለበን ሌበል ነው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ደግሞ የኦስትሪያው ማንሊኸር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የማውቀውን መሣሪያ አሜሪካ መጥቼ ጠረጴዛ ላይ፣ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበት ሳየው ነው ሱሱ የያዘኝ።

ጓደኞቼ «ገን ሾው ሞቷል፣ ሁሉም ስልክህ ላይ አለ» ይሉኛል። እኔ አልሞተም ባይ ነኝ። ተለያየ እንጂ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት አራት ዓይነት ገበያዎች አሉ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ተበሳጭቶ የወጣ ሰው ሁሉንም ይረግማል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ምኑ ነው የተለወጠው?

ሶቭየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ የድሮ የሩሲያ ሞሲን ጠመንጃ በሣጥን በሣጥን አሜሪካ ይገባ ነበር። ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ገን ሾው ላይ እንደ ማገዶ ተከምሮ፣ ገዢው መርጦ ያነሳ ነበር። ዛሬ ያው ጠመንጃ 400 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠየቅበታል። የድሮ ጦር መሣሪያ ደግሞ አዲስ አይመረትም። መጋዘኑ ሲያልቅ አለቀ።

ሁለተኛው ነገር ኢንተርኔት ነው። ገንብሮከር የሚባለው የጨረታ ድረ ገጽ ከ1999 ጀምሮ አለ። ድሮ አንድ ገበሬ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ ዋጋውን አያውቅም፤ አንተ ካወቅህ ዕድለኛ ነህ። አሁን ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ችግሩ፣ ብዙው ባለ ጠረጴዛ የሚያየው ሰው የጠየቀውን ዋጋ እንጂ የተሸጠበትን ዋጋ አይደለም። አንድ ሞኝ 1,200 ብሎ ለጥፎ ስድስት ወር የተቀመጠን ጠመንጃ እያሳየ «ገበያው ይሄ ነው» ይልሃል።

ሰዎቹም አረጁ። ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡ አዛውንቶች ሲያርፉ ልጆቻቸው ጠረጴዛ ተከራይተው አይቀመጡም። ለጨረታ ቤት ደውለው ሁሉንም ያስጭናሉ። አዘጋጁ ደግሞ ባዶ ጠረጴዛ አይወድም። የከፈለ ይገባል፤ ካልሲም ቢሆን። አንዳንድ ቦታ ሕጉም ጠብቋል። ካሊፎርኒያ ከ2023 ጀምሮ በክልሉ መንግሥት ይዞታ ላይ ጠመንጃና ጥይት መሸጥ ከልክላለች። እዚያ ከነበሩት ትልልቅ ሾዎች ብዙዎቹ የሚካሄዱት በእነዚሁ የመንግሥት ሜዳዎች ላይ ነበር።

የቅዳሜና እሁዱ ሾው

በየከተማው ዳር በየጥቂት ሳምንቱ የሚደረገው ነው። ቨርጂኒያ ቻንቲሊ፣ ደለስ ኤክስፖ የሚባለው አዳራሽ ስንመላለስበት የኖርነው ትልቁ ነበር። ብዙ ሰው ገን ሾው ሲል ይሄን ማለቱ ነው። ለሰብሳቢ የደከመውም ይሄው ነው።

ጥይት፣ የጽዳት ዘይት፣ የጠመንጃ ሻንጣ፣ ዝናር ለመግዛት ጥሩ ነው። አዲስ ሰብሳቢም አንድ ሁለቴ ቢሄድ አይጎዳም፤ ብዙ ዓይነት በአንድ ቀን ይዳብሳል። አሮጌ መሣሪያ ፈልጌ ብዬ ግን ሁለት ሰዓት አልነዳም። ከሄዳችሁ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ዙሩ። መሃሉ ለትልልቅ ነጋዴዎች ነው። አሮጌ ነገር ያላቸው ጡረተኞች የሚቀመጡት ጥግ ጥግ ላይ፣ ርካሹ ጠረጴዛ ጋ ነው።

እዚህ የራሴን ጉድ ላውራ። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሾው ላይ ቬተርሊ የሚባል አንድ የጣሊያን ጠመንጃ አየሁ። ሻጩ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ይሄማ አድዋ ላይ የተማረከ ነው፣ ከአንድ ቤተሰብ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ልቤ ቀለጠ። ተራ ቬተርሊ በ300 ዶላር አካባቢ በሚገኝበት ጊዜ 750 ቆጠርኩለት። ቤት ወስጄ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ፤ የአድዋ ነው እላለሁ። ሚስቴ ብቻ ናት «ማን ነገረህ?» ያለችኝ። እውነቱን የሰማሁት ሌላ ዓይነት ሾው ላይ ነው።

የማኅበር ሾው

ባልቲሞር አጠገብ፣ ቲሞኒየም በሚገኘው የሜሪላንድ ፌር ሜዳ፣ የሜሪላንድ መሣሪያ ሰብሳቢዎች ማኅበር ለረጅም ዓመታት በማርች ወር ሲያዘጋጀው የኖረ የጥንታዊ መሣሪያ ሾው አለ። ካልሲ የለም። ፕላስቲክ የለም። ጎራዴ፣ የባሩድ ቀንድ፣ በባልጩት ድንጋይ የሚለኮስ ጠመንጃ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሽጉጥ፣ የድሮ ሜዳይ ነው ያለው። የሚሸጠው ሰው ራሱ ሰብሳቢ ነው። አንዳንዱ ጠረጴዛ ጭራሽ አይሸጥም፤ ለማሳየት ብቻ የመጣ ነው።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ፊታቸው ላይ የጣሊያን ጠመንጃ ደርድረው አገኘሁ። የእኔን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። አስፍተው አዩት። «አፈሙዙን ከፊት ለፊት አንስተኸዋል?» አሉኝ። ነበረኝ። ጫፉ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀለበት የመሰለ ቀጭን መስመር አለ። ሌላ ቱቦ ገብቶበታል ማለት ነው አሉኝ። ቬተርሊ ሲሠራ ከ10 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ወፍራም ጥይት ነበር የሚተኩሰው። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ ሲያጥራቸው፣ ከ1915 ጀምሮ፣ ውስጡ ቱቦ እየከተቱ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለወጡት። የጥይት ካዝናውንም ቀየሩት። አድዋ 1896 ነው። የእኔ ጠመንጃ በዚህ መልኩ አድዋ ላይ ሊኖር አይችልም።

በጣም የሚያናድደው፣ ውሸቱ ለእውነት የቀረበ መሆኑ ነው። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ ነበር፤ ያልተለወጠው፣ ወፍራም ጥይት የሚጎርሰው። ሻጩ ይህን ያውቅ ይሁን አይወቅ ዛሬም አልገባኝም። ሽማግሌው ግን አልሳቁብኝም። «ይሄንንም እንዳትተኩስበት» ብለው ጨመሩ። የድሮው ብረት ለአዲሱ ጥይት ግፊት አይመጥንም። 750 ዶላሬን ያጣሁት አንድ ሾው ላይ ነው፤ ጣቴን፣ ምናልባትም ዓይኔን ያተረፍኩት ሌላ ሾው ላይ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምዞረው። ባለ ጠረጴዛውን «ስለዚህ ንገረኝ» እላለሁ። ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ጉድለቱ ካወራ እቆማለሁ። ስለ ጀብዱ ብቻ ካወራ አመሰግናለሁ፣ አልፋለሁ።

በዚሁ ዓይነት የኦሃዮ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ማኅበር አለ። የተመሠረተው በ1937 ነው። ሾው የሚያደርገው ለአባላቱ ነው፤ ማንም ዘው ብሎ ትኬት ቆርጦ አይገባም። መጀመሪያ ሳየው ኩራት መስሎኝ ነበር። አሁን ጥራቱን የጠበቀው ይሄው በር ነው ብዬ አምናለሁ። አባል ሰው ቢያጭበረብር በሚቀጥለው ሾው ፊቱን የት ያደርሳል? እንደ ዕቁብ ነው ነገሩ። ዋጋው ግን አይረክስም። ሁሉም የያዘውን ያውቃል። እዚህ የምትከፍሉት ለእውነተኛ ዕቃና ለእውነተኛ ወሬ ነው።

ቱልሳ

ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ውስጥ በዓመት ሁለቴ የሚደረገው የዋነንማከር ሾው ብቻውን የሚጠቀስ ነው። 4,200 ገደማ ጠረጴዛ፣ አንድ ጣሪያ ሥር። መርካቶን አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቡት። ካልሲውም አለ፣ ቋንጣውም አለ። ከ4,200 ጠረጴዛ ውስጥ ሩቡ እንኳ አሮጌ ነገር ቢይዝ ግን አንድ ሺህ ጠረጴዛ ነው። በሁለት ቀን አይጨረስም። ምቹ ጫማ ያስፈልጋል።

ከምሥራቅ ጠረፍ ለሚሄድ ሰው አውሮፕላንና ሆቴል አለበት። በ400 ዶላር ጠመንጃ ለመግዛት 900 ዶላር ጉዞ ማውጣት ሒሳብ አይደለም። ልዩ ነገር የሚፈልግ፣ ወይም ሦስት አራት ሆኖ ወጪ የሚጋራ ሰው ይሂድ። እኔ አንዴ ሄጃለሁ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ልሄድ እችላለሁ።

ስልክና ጨረታ

ስለ ኢንተርኔት ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያውቀዋል። የምትፈልጉትን በትክክል ካወቃችሁ እሱን የሚያህል የለም። የማታውቁትን ለመማር ግን አይሆንም። ፎቶ ዝገት ይደብቃል። የሻጩን የድሮ ደንበኞች አስተያየት፣ የመመለሻ ደንቡን ሳታዩ አትግዙ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ በርካታ አሮጌ ጠመንጃዎች በአስመጪ በኩል አሜሪካ ገብተው በድረ ገጽ ይሸጣሉ። ካርካኖ አለ፣ ቬተርሊ አለ፣ ቤልጅግ መውዜር አለ፣ ከአሜሪካ ራሷ በወታደራዊ ዕርዳታ የሄደ ኤም 1 ካርባይንም አለ። አሜሪካና ኢትዮጵያ ወታደራዊ ስምምነት የፈረሙት በ1953 ነው፤ ዕቃው ሄዶ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ተመልሶ መጣ። የሠሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ የሚገዙት።

ሁኔታው መልከ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰደፍ ተሰንጥቆ በሽቦና በቆርቆሮ ተጠግኗል። ፈረንጁ ሰብሳቢ «ተበላሽቷል» ይላል። ለእኔ ያ ሽቦ ነው ዋጋው። አንድ ባላገር ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ያሰረው ነው። አንድ ምክር ብቻ፦ የተለጠፈውን ደረጃ አንድ እርከን ዝቅ አድርጋችሁ ገምቱ። «ጥሩ» ከተባለ «ደህና» ብላችሁ ጠብቁ፤ አትናደዱም።

ጨረታ ቤቶቹ፣ ቴክሳስ ያለው ሮክ አይላንድ፣ ፔንሲልቬኒያ ያለው ሞርፊ፣ ለውድ ዕቃ ናቸው። ባለሙያ አይቶ ይጽፍላችኋል። የታዋቂ ሰው መሣሪያ፣ ሰነድ ያለው ነገር ከፈለጋችሁ እዚያ ነው። ግን ጨረታው ከተዘጋበት ዋጋ በላይ የገዢ ኮሚሽን አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ። ይህን ረስቶ እጁን ያወጣ ሰው ሲከፍል ይደነግጣል።

አያቱ ወይም አባቱ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመተ ሰው ደግሞ ኤም 1 ጋራንድ ቢፈልግ፣ ከሾውም ከጨረታም በፊት ሲ ኤም ፒ የሚባለውን ድርጅት ይሞክር። ከአሜሪካ ጦር የወጡ ጋራንዶችን ለሕዝብ ይሸጣል። የአንድ ተኩስ ክበብ አባልነት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ይበዛል፤ ዕቃው ግን ያልተጨማለቀ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

እንበል ጠመንጃው 600 ዶላር ተብሏል። የሠፈሩ ሾው ላይ መግቢያና ቤንዚን 35 ዶላር ይፈጃል። ተከራክራችሁ 550 ካስገባችሁት 585 አወጣችሁ። በድረ ገጽ ያው 600 ላይ መላኪያ 50፣ በቀጥታ ቤት ስለማይላክ እዚህ ለሚቀበልላችሁ ባለ ፈቃድ ነጋዴ 40፤ 690 ሆነ፣ ታክሱን ሳንቆጥር። በጨረታ 600 ላይ 20 በመቶ ኮሚሽን 120፣ መላኪያና ነጋዴ 100፤ 820። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ እንደ ቦታው ይለያያል። በሾው የማታገኙትን ዕቃ ፍለጋ ስድስት ቅዳሜ ብትሄዱ ግን 35 ስድስት ጊዜ ነው፤ 210። ርካሹ ገበያ በምን ያህል ምልልስ እንደሚወደድ ያኔ ይገባችኋል።

አሮጌ መሣሪያ ላይ ለቆረጠ ሰው አንድ አቋራጭ አለ፤ ሕጋዊ አቋራጭ። የፌዴራል የሰብሳቢ ፈቃድ ይባላል። ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው፣ በመጀመሪያ መልኩ ያለ ጠመንጃ በዚህ ፈቃድ ከሌላ ክልል ሳይቀር በቀጥታ ቤታችሁ ሊመጣ ይችላል፤ የክልላችሁ ሕግ ከፈቀደ። የገዛችሁትን መዝገብ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ለመነገድ አይሆንም፤ ለስብስብ ብቻ። በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ደግሞ በፌዴራል ሕግ «ጥንታዊ» ነው፤ ደንቡ ይላላል። ስለዚህ ብረቱ ላይ ያለውን ዓመት ማንበብ ገንዘብም ወረቀትም ያተርፋል። ሁለት ካርካኖ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የ1896ቱ ጥንታዊ፣ የ1917ቱ ግን በሕግ ሙሉ ጠመንጃ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን። «ገን ሾው ላይ ማንም ሳይጠየቅ ይገዛል» የሚባለው ሁሉም ቦታ እውነት አይደለም። ሜሪላንድ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ለረጅም ጠመንጃ ጭምር በግለሰቦች መካከል ያለውን ሽያጭ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የገዢውን የኋላ ታሪክ ምርመራ፣ ውስጥ አስገብታለች፤ ቨርጂኒያም ከጁላይ 2020 ጀምሮ የሚሠራ ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በቱሪስት ቪዛ ያለ ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም። «እኔ ልግዛልህ» የሚል ወዳጅ ካለ እሱም ወንጀል ውስጥ ገባ። ወደ አገር ቤት መላክንም ከአእምሮ አውጡት። ከዚህ የኤክስፖርት ፈቃድ አለ፤ እዚያ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 (ይሄኛው 2012 በእኛ አቆጣጠር ነው) አለ። ፎቶውን ለአጎታችሁ ላኩለት፤ ይበቃዋል።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርሱ

ሳትጠይቁ አትንኩ። ትንሽ ባትሪ ያዙ፤ አስፈቅዳችሁ አፈሙዙ ውስጥ አብሩ። ጠመዝማዛው መስመር ስለታም ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው፤ እንደ ጭስ ማውጫ ከጠቆረ ዋጋው ይቀንስ። ማቀባበያው ላይና አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ይመሳሰል እንደሆነ እዩ። ቁጥሩ የተመሳሰለ ሆኖ የፊደሉ ቅርጽ ከተለያየ፣ በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል። እንጨቱ እንደ አዲስ ጠረጴዛ ካብረቀረቀ ተፍቋል። ሰብሳቢ የተፋቀ አይወድም፤ ላቡና ጭረቱ ታሪኩ ነው። የአስመጪ ስም የተመታበት ከሆነ ከውጭ መጥቷልና «ወታደሩ ራሱ ይዞት የተመለሰው» የሚለው ተረት እዚያው ያበቃል።

ክርክር ላይ የመርካቶ ልማዳችንን ግማሹን ቤት ትታችሁ ሂዱ። 600 ያለውን «200» ማለት እዚህ ስድብ ነው፤ ሰውየው ጀርባውን ይሰጣችኋል። ጥሬ ገንዘብ ቆጥራችሁ ያዙና «በዚህ ብሰጥህስ?» በሉ። አሥር ከመቶ ይቀንሳል፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት። ምርጫ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ በሩ ሲከፈት፤ ቅናሽ ከፈለጋችሁ እሁድ ከሰዓት፣ ዕቃ ተሸክሞ መመለስ ሲሰለቻቸው።

እኔ አሁን የምገዛበት መንገድ ይሄ ነው። ለመማር የማኅበር ሾው። የምፈልገውን ካወቅሁ በኋላ ስልክ። የሠፈሩ ሾው ለጥይትና ለዘይት፣ ለወሬም። ጨረታ እስካሁን ካታሎጉን ብቻ ነው የማየው። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሾዎች ያለ ገንዘብ ሂዱ። ምናለ እኔንም ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ።

ቬተርሊው አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል። ሥሩ ትንሽ ካርድ ለጥፌበታለሁ፦ «6.5 ሚሊ ሜትር፣ ከ1915 በኋላ የተለወጠ። አድዋ አልነበረም።» ባለፈው ማርች ይዤው ሄጄ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። ካርዱን አስነበብኳቸው፤ ተረጎምኩላቸው። 300 ዶላር ልስጥህ አሉኝ። ሚስቴ ሽጠው አለች። አልሸጥኩትም።